የእንፋሎት ግፊት በስሌት፦ ደብረ ማርቆስ ላይ 176 ወይስ 164?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ከነጭ ባህር ዛፍ ቅጠል በእንፋሎት ዘይት ለማውጣት እየተዘጋጀን ነው። የዘይቱ ዋና ክፍል የሆነውን የሲኒዮልን የእንፋሎት ግፊት በ25 እና በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በስሌት ማወቅ ፈለግሁ። መጻሕፍት የመፍያ ነጥቡ 176 ዲግሪ ነው ይላሉ፤ በላቦራቶሪያችን ስንለካው ግን 164 ላይ ፈላ። አንድ ባልደረባዬ ደጋ ላይ ስላለን ከሠንጠረዥ የምናገኘውን ግፊት በከፍታችን ልክ መቀነስ አለብን ይላል። ለመለማመድ ብዬ የኤታኖልን ግፊት በአንትዋን ቀመር ብሠራው ደግሞ 80 አኃዝ ያለው ቁጥር መጣብኝ። የትኛውን የመፍያ ነጥብ ልያዝ? የትኛውስ ቀመር ይሻላል?»

ለስሌቱ 176ን ይያዙ። ከሠንጠረዥ በሚያገኙት የእንፋሎት ግፊት ላይ በከፍታ ምክንያት ምንም አይቀነስም። 164 ያላችሁት ልኬትም ስህተት የለበትም፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲኒዮል የሚፈላው እዚያው አካባቢ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ያንን ቁጥር 176 ሊገባበት በሚገባው ቦታ ያስገቡት ጊዜ ነው።

የባልደረባዎን ሐሳብ በቅድሚያ እናጥራው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። የእንፋሎት ግፊት ማለት አንድ ፈሳሽ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከራሱ እንፋሎት ጋር ሚዛን ላይ ሲደርስ እንፋሎቱ የሚያሳድረው ግፊት ነው። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ የንጥረ ነገሩ ዓይነትና የሙቀት መጠኑ። ኤታኖል በ25 ዲግሪ ላይ ባህር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ምጽዋ ወደብም ይሁን፣ የእንፋሎት ግፊቱ 59 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። የውጪው አየር በፈሳሹ ላይ የሚያሳድረው ጫና የሚያመጣው ለውጥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ እዚህ ቦታ የለውም። ከፍታ የሚለውጠው ፈሳሹ የሚፈላበትን የሙቀት መጠን ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎት ግፊቱ ከውጪው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ስለሆነ፣ የውጪው ግፊት ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይደርስበታል።

ለዚህ ዓባይ በረሃ ጥሩ ማሳያ ነው። ድልድዩ አካባቢ ግጥም ተደርጎ የተዘጋ የባህር ዛፍ ዘይት ጀሪካን ደጀን አናት ላይ ሲደርስ አብጦ ይገኛል። ሰው ዘይቱ ተነነ ይላል፤ ነገር ግን ጀሪካኑን የሚነፋው ከታች አብሮት የተዘጋው አየር ነው። ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ የውጪው ግፊት በ100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይቀንሳል፤ የሲኒዮል እንፋሎት ድርሻ ግን ከአራት ሚሊሜትር አይበልጥም። የእንፋሎት ግፊቱስ በመንገዱ ላይ አይለወጥም ወይ? ይለወጣል፤ የሚለውጠው ግን ሙቀቱ ነው። ከታች በሰጠሁት ቀመር ሲሰላ፣ ሲኒዮል በ15 ዲግሪ 0.8፣ በ38 ዲግሪ ደግሞ 3.8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል፤ ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ 164 እንመለስ፤ የደጋው ከፍታ ተደብቆ ስሌትዎ ውስጥ የሚገባው በዚህ በር ነውና። ግምት የሚሰጡት ቀመሮች በሙሉ ማለት ይቻላል «የመፍያ ነጥብ» ሲሉ በ760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት የተለካውን ማለታቸው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ በመደበኛ ከባቢ አየር ስሌት የአየሩ ግፊት 564 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። 164ን እንደ መደበኛ መፍያ ነጥብ ቆጥረው ቢያስገቡ በ25 ዲግሪ ላይ 2.8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወጣልዎታል፤ በ176 ግን 1.6 ነው። የ12 ዲግሪ ልዩነት መልሱን ከ70 በመቶ በላይ አናረው ማለት ነው። የትኛውም የቀመር ምርጫ ይህን ያህል አያበላሽም።

በአካባቢዎ የለኩትን ወደ መደበኛው ለመመለስ የሚከተለው ይበቃል። የለኩትን የመፍያ ሙቀት በኬልቪን (ሴንቲግሬዱ ላይ 273.15 ጨምረው) ይጻፉ፤ በ760 እና በአካባቢዎ ግፊት መካከል ያለውን ሬሾ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ያብዙበት፤ ከዚያ በ4.4 እና በዚያው ሙቀት ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ድምር ያካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የሚጨመረው ዲግሪ ነው። ለእናንተ፦

437 × 0.298 ÷ (4.4 + 6.08) = 12.4

164 ላይ 12.4 ሲጨመር 176.4 ይሆናል። የላቦራቶሪ ልኬታችሁና መጽሐፉ ተስማሙ ማለት ነው፤ እንዲያውም ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው እንዲያሰሉት ቢደረግ ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል። ስሌቱ የሚሠራው እንደ ሲኒዮል ላሉ እርስ በርሳቸው በሃይድሮጂን ትስስር ለማይያያዙ ፈሳሾች ነው፤ ለአልኮልና ለውሃ አካፋዩን በ1.3 ማብዛት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአካባቢን ግፊት ከስልክ የአየር ትንበያ ላይ የሚወስድ ሰው 1,015 ሄክቶ ፓስካል ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር ያገኛል። ይህ ወደ ባህር ጠለል ተሰልቶ የተመለሰ ግፊት እንጂ ደብረ ማርቆስ ላይ ያለው አይደለም። ባሮሜትር ከሌለ ንጹህ ውሃ አፍልቶ ሙቀቱን መለካት የተሻለ ነው። የውሃ ቀመር ከታች አለ፤ በ564 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ባህር ዳር ላይ ደግሞ በ94። በዚያ አካባቢ አንድ ዲግሪ ስህተት 20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ያሳስታልና፣ ቴርሞሜትሩ ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ የሚለይ ይሁን። ሐሩር አገር ላይ የደጋ አየር ግፊት ከመደበኛው ስሌት ትንሽ ከፍ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ ከ564 በላይ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ የለኩትን ይጠቀሙ።

80 አኃዝ ያለው ቁጥር ከየት መጣ? አንትዋን እ.ኤ.አ. በ1888 ያቀረበው ቀመር ቀላል ነው። ግፊቱን «ግ»፣ ሙቀቱን «ሙ»፣ ሦስቱን ቋሚ ቁጥሮች ሀ፣ ለ፣ ሐ ብንላቸው፦

ሎግ ግ = ሀ − ለ ÷ (ሐ + ሙ)

ችግሩ ያለው ቋሚዎቹ ላይ ነው፤ ለአንድ ንጥረ ነገር በተለያየ አሃድ የተዘጋጁ ስብስቦች አሉ። ኤታኖል በአንዱ መጽሐፍ 8.11220፣ 1592.864 እና 226.184 ተብሎ ይገኛል፤ ይህ ሙቀትን በሴንቲግሬድ፣ ግፊትን በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በሌላው ደግሞ 5.24677፣ 1598.673 እና ከዜሮ በታች 46.424 ነው፤ ይህ በኬልቪንና በባር ነው። ሁለቱም በትክክል ሲሠሩ በ25 ዲግሪ ላይ አንድ መልስ ይሰጣሉ፦ 59.0 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም 0.0787 ባር። በሁለተኛው ስብስብ ላይ በ298.15 ኬልቪን ፈንታ 25 ካስገቡ ግን ቅንፉ ውስጥ ከዜሮ በታች 21.424 ይቀራል፤ መቀነሱ ወደ መደመር ይገለበጥና ሎጋሪዝሙ 79.87 ይሆናል። 80 አኃዝ ያለው ቁጥርዎ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ትልቅ ስህተት ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ልክ መስሎ የሚያልፈው ነው። በመጀመሪያው ስብስብ ሎጋሪዝሙ 1.771 ይመጣል። ቋሚዎቹ የተዘጋጁት መሠረቱ 10 ለሆነ ሎጋሪዝም ስለሆነ 10ን በ1.771 ከፍ ማድረግ ሲገባ፣ ካልኩሌተሩ ላይ የተፈጥሯዊውን ሎጋሪዝም ግልባጭ የተጫነ ሰው 5.88 ያገኛል። ትክክለኛው መልስ በኪሎ ፓስካል 7.87 ስለሆነ 5.88ን «ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት» ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ በአዲስ ንጥረ ነገር ከመሥራት በፊት ቋሚዎቹን በሚታወቀው የመፍያ ነጥብ ይፈትኗቸው፤ ኤታኖል በ78.4 ዲግሪ 760 አካባቢ ካልሰጠ አሃዱ ወይም ሎጋሪዝሙ ተሳስቷል። ለውሃ ከ1 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ክልል 8.07131፣ 1730.63 እና 233.426 ይሆናሉ፤ ሴንቲግሬድና ሚሊሜትር ሜርኩሪ ናቸው። ከተጻፈላቸው የሙቀት ክልል ውጪ ቋሚዎቹን መጠቀም፣ ወይም ሀን ከአንዱ መጽሐፍ ለን ከሌላው መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። ሦስቱ አንድ ላይ የተሰሉ ናቸው፤ ተነጣጥለው ትርጉም የላቸውም።

ቋሚዎቹ የታተሙለት ንጥረ ነገር ከሆነ ሌላ ቀመር መፈለግ አያሻም፤ አንትዋን ይበቃል። ግምት የሚያስፈልገው ከመፍያ ነጥቡ ሌላ ምንም በእጅ ሳይኖር ሲቀር ነው። ያኔ ብዙ ሰው የሚይዘው የግፊቱ ሎጋሪዝም ከኬልቪን ግልባጭ ጋር በቀጥታ መስመር ይሄዳል የሚለውን የክላውዚየስና የክላፔይሮንን ቀመር ነው፤ ለማትነን የሚያስፈልገውን ኢነርጂ ደግሞ በትራውተን ደንብ ይሞላል፦ የመፍያ ነጥቡ በኬልቪን ሲባዛ በ88 ጁል። ለሲኒዮል 449.15 × 88 ወደ 39.5 ኪሎ ጁል በሞል ይሰጣል። ከ176 ዲግሪ ተነስተን ወደ 25 ስንወርድ 3.6 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወጣል። በልኬት የሚታወቀው 1.9 አካባቢ ስለሆነ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ቀላሉ ቀመር የማትነኛ ኢነርጂው በየትኛውም ሙቀት አንድ ነው ብሎ ይነሳል፤ እውነቱ ግን ፈሳሹ በቀዘቀዘ ቁጥር ለማትነን የሚጠይቀው ኢነርጂ ይጨምራል። ኤታኖል በመፍያ ነጥቡ 38.6፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 42.3 ኪሎ ጁል በሞል ይፈልጋል። ከ78.4 ዲግሪ ወደ 25 በ38.6 ካሰሉት 71 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ በ42.3 ካሰሉት 57 ይወጣል፤ እውነተኛው 59 ነው። የመፍያ ነጥቡን ኢነርጂ ይዞ ከዚያ ወደ ታች በቀጥታ መስመር የሚወርድ ሁሉ ግፊቱን አብልጦ ይገምታል፣ ርቆ በወረደም ቁጥር ስህተቱ ይከፋል። ኤታኖል ላይ የትራውተንን 88 ቢጠቀሙ ደግሞ 114 ይመጣል፤ አልኮል ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጂን ትስስር ስለተያያዙ ደንቡ አይሠራለትም።

ይህን መጉበጥ የሚያርም፣ ከመፍያ ነጥብ ሌላ ምንም የማይጠይቅ ቀመር አለ፤ ዶናልድ ማካይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት ነው። የመደበኛውን መፍያ ነጥብ በኬልቪን «ፍ»፣ ሙቀቱንም በኬልቪን «ሙ»፣ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝምን «ኤልኤን» ብለን፣ ግፊቱ በአትሞስፌር ሲሆን፦

ኤልኤን ግ = −(4.4 + ኤልኤን ፍ) × [1.803 × (ፍ ÷ ሙ − 1) − 0.803 × ኤልኤን (ፍ ÷ ሙ)]

ሲኒዮልን በ25 ዲግሪ ደረጃ በደረጃ እንሥራው። ፍ 449.15፣ ሙ 298.15 ነው። ኤልኤን ፍ 6.107 ስለሆነ የመጀመሪያው ቅንፍ 10.507 ይሆናል። ፍ ሲካፈል ለሙ 1.5065 ነው፤ አንድ ተቀንሶ በ1.803 ሲባዛ 0.913። የ1.5065 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 0.4098፣ በ0.803 ተባዝቶ 0.329። ልዩነታቸው 0.584፤ በ10.507 ሲባዛ 6.137። ምልክቱ አሉታዊ ስለሆነ ግልባጩ 0.00216 አትሞስፌር ይሆናል፤ በ760 ሲባዛ 1.64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ። ከ1.9 በ14 በመቶ ያህል ያንሳል። የመፍያ ነጥብ ብቻ ይዞ ለሚሠራ ሰው ይህ በጣም ጥሩ ውጤት ነው። በመሐል አኃዞችን ቀድሞ ማጠጋጋት ግን ያበላሸዋል፤ 0.584ን 0.6 ብሎ የጻፈ ሰው 1.4 ያገኛል።

አልኮሎች ላይ ቀመሩን እንዳለ አይጠቀሙበት። ኤታኖልን 108 ይሰጣል፤ እውነቱ 59 ነው። የቀኙን ጎን በሙሉ በ1.3 ሲያበዙት ግን 60 ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ሞለኪውል ላይ የሃይድሮክሲል ቡድን ካለ 1.3ን ያስገቡ። ሲኒዮል ኦክስጅን ቢኖረውም ኢተር ስለሆነ ከራሱ ጋር የሃይድሮጂን ትስስር አይሠራም፤ ማባዣው አንድ ሆኖ ይቆያል።

ለ90 ዲግሪ ያው ቀመር 51 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሰጣል። ይህን በሌላ መንገድ መፈተሽ ይቻላል። በ25 ዲግሪ 1.9፣ በ176 ዲግሪ 760 መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል የግፊቱን ሎጋሪዝም ከኬልቪን ግልባጭ ጋር በቀጥታ መስመር ቢያገናኙ በ90 ዲግሪ 46 ያገኛሉ። በሁለት ልኬቶች መካከል የሚሰመር ቀጥታ መስመር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ እውነቱ ከ46 በላይ ነው፣ 51ም ከዚህ ጋር ይስማማል። ሁለት የተለያዩ መንገዶች እንዲህ ሲቀራረቡ ነው ግምትን ማመን የሚቻለው።

አሁን ማንጠሪያው ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ውሃና ዘይት ስለማይቀላቀሉ እያንዳንዱ ሌላው እንደሌለ ሆኖ ሙሉ የእንፋሎት ግፊቱን ያሳድራል፤ የሁለቱ ድምር ከውጪው ግፊት ጋር ሲተካከል አንድ ላይ ይተናሉ። በ90 ዲግሪ የውሃው 525፣ የሲኒዮሉ 51፣ ድምሩ 576 ነው፤ ከ564 ስላለፈ ሙቀቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ አለብን። በ89.4 ዲግሪ ላይ 513 እና 50 ሆነው ይገጥማሉ። የሲኒዮልን 50 በሞላር ክብደቱ በ154.25፣ የውሃውን 513 በ18.02 አብዝተን ስናካፍል፣ ለእያንዳንዱ ግራም ውሃ ቢበዛ 0.84 ግራም ሲኒዮል አብሮ ይወጣል ማለት ነው። ባህር ጠለል ላይ ይኸው ስሌት 97.4 ዲግሪና 0.86 ግራም ይሰጣል። የሙቀቱ ልዩነት ስምንት ዲግሪ ሲሆን የምርቱ ልዩነት ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ማንጠር ይከብዳል ወይም ዘይት ያንሳል የሚል ስጋት ካለ መሠረት የለውም፤ ዘይቱ ዝቅ ባለ ሙቀት መውጣቱ እንዲያውም ለጥራቱ አይጎዳም።

0.84 ግን ጣሪያ ነው። የሚገኘው ነጻ ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር በሚገባ ሲገናኝ ብቻ ነው። የባህር ዛፍ ዘይት ቅጠሉ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ታሽጎ ይገኛል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከዚያ ወጥቶ ወደ ቅጠሉ ገጽ መድረሱ ነው። ስለዚህ በተግባር ከስሌቱ ብዙ እጥፍ እንፋሎት ያልፋል፣ የማንጠሪያው አናት ላይ ያለው ቴርሞሜትርም ብዙውን ጊዜ ከ89.4 ይልቅ ወደ 92 ተጠግቶ ይቆማል። 92 ላይ ተተክሎ ከቀረና የሚንጠባጠበው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ከሌለ ቅጠሉ አልቋል፤ ማገዶ አያባክኑ።

የግምቱን ገደብም እንይ። ዘይታችሁ ንጹህ ሲኒዮል አይደለም፤ ፓይኒንና ሊሞኒንን የመሳሰሉ ሌሎችም አሉበት። የሲኒዮሉ የሞል ድርሻ 0.75 ቢሆን በ25 ዲግሪ የሚያበረክተው 1.9 ሳይሆን 1.4 ገደማ ነው፤ የሌሎቹ ለየብቻ ተሰልቶ ይደመራል። ከቀይ ባህር ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይት ስብጥሩ ሌላ ስለሆነ የዚህን ቁጥር ለዚያ አይዋሱ። የመፍያ ነጥቡ ራሱ የማይታወቅ ንጥረ ነገር ከሆነ ከሞለኪውሉ ክፍሎች ተነስቶ የሚገምት የጆባክ ዘዴ አለ፤ ይሁን እንጂ በአማካይ 13 ዲግሪ ያህል ይሳሳታል። 10 ዲግሪ ብቻ አብልጦ ቢገምት እንኳ የሲኒዮል ግፊት ከ1.64 ወደ 1.03 ይወርዳል። ሳይፈላ በሙቀት ለሚበሰብስ ነገር ደግሞ መደበኛ መፍያ ነጥብ የሚባለው ራሱ ግምት ስለሆነ በእነዚህ ቀመሮች የሚገኘው ቁጥር የአሥር እጥፍ ስህተት ሊይዝ ይችላል፤ ያንን ማስለካት እንጂ ማስላት አይበጅም።

ጠጣር ነገር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ቁራጭ አለ፦ ከውጤቱ ኤልኤን ላይ 6.8 × (የመቅለጫ ነጥብ ÷ ሙ − 1) ይቀነሳል፣ ሁለቱም በኬልቪን። ልብስን ከብል ለመጠበቅ የሚቀመጠው ናፍታሊን በ80 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ218 ይፈላል፤ ይህን ቁራጭ የረሳ ሰው በ25 ዲግሪ 30 ፓስካል ሲያገኝ፣ ያልረሳው 8.6 ያገኛል። በልኬት የሚታወቀው 11 ገደማ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይሥሩ፦ ለውሃና ለኤታኖል አንትዋንን፣ ለሲኒዮል በ25 ዲግሪ የተለካውን 1.9፣ በ90 አካባቢ ደግሞ በማካይ ቀመር የተገኘውን 51 ይያዙ፤ ለሁለተኛው 20 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት እንደሚችል አድርገው ይመዝግቡት። መፍያ ነጥብ በጻፉ ቁጥር አጠገቡ የተለካበትን ግፊት ይጻፉ። ይህን ያላደረገ የላቦራቶሪ መዝገብ ለሌላ ሰው አይጠቅምም።

ከፍታ በእውነት የሚያሳስብበት አንድ ቦታ አለ፤ እሳት። የሲኒዮል እንፋሎት በመደበኛ ግፊት በ49 ዲግሪ ገደማ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በእሳት ነበልባል ሊቀጣጠል ይችላል። የእንፋሎት ግፊቱ ባይለወጥም በደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የእንፋሎቱ ድርሻ ከፍ ይላል፤ የተለመደው እርማት ግፊቱ በ1 ኪሎ ፓስካል በቀነሰ ቁጥር ሩብ ዲግሪ መቀነስ ነው። በእናንተ ዘንድ 26 ኪሎ ፓስካል ስለሚጎድል ወደ 42 ወይም 43 ዲግሪ ይወርዳል። በ25 ዲግሪ እንኳ አንድ ሜትር ኪዩብ የተዘጋ ክፍል 16 ግራም ያህል ሲኒዮል በእንፋሎት መልክ ይይዛል። ስለዚህ መቀበያ ዕቃው ከምድጃው ርቆ፣ በግድግዳ ወይም በሌላ መከለያ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ምንጊዜም ክፍት ይሁን፣ በቅጠል እንዳይደፈን ከቅጠሉ በላይ ወንፊት ይደረግበት። ከቱቦው የሚወርደው ለእጅ ሞቅ ካለ የማቀዝቀዣውን ውሃ ፍሰት ይጨምሩ ወይም እሳቱን ይቀንሱ፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ዘይት መሰብሰብ የለበትም።